ለጎብኚ የሚሠራ የመስተዋት አትክልት ቤት ከአገሩ ገጽታ ጋራ ተስማምቶ እንዲቆም ስለ ማድረግ



ለእንግዳ መናፈሻ የሚሆን መሬት ይሰጠን፤ በመካከሉም አትክልት የሚታይበት የመስተዋት ቤት እንሠራበታለን የሚል ሰው ወደ ሹም ደጅ በመጣ ጊዜ፥ አብዛኛውን ጊዜ በእጁ የሚይዘው ሥዕል ነው። በሥዕሉ ላይ ቤቱ ያብረቀርቃል፤ ሣሩ ይለመልማል፤ ሰማዩም ደመና የለበትም። ሥዕሉ የማያሳየው ግን በነሐሴ የሚወርደው ጎርፍ ወዴት እንደሚሄድ፥ በኅዳር ሌሊት ውርጭ የት እንደሚያርፍ፥ በዚያም መሬት ላይ እስከ ዛሬ ማን ሲያርስ እንደ ኖረ ነው። ይህ ትምህርት የተጻፈው ሹሙ ሥዕሉ የማያሳየውን ነገር አስቀድሞ እንዲጠይቅ ለመርዳት ነው።

ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለው ሕንፃ ከአገሩ ገጽታ ጋራ የሚስማማው በሠሪው ጥበብና በቀለሙ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ጉዳይ አብዛኛው የሚቈረጠው ስፍራው በተመረጠበት ቀን ነው። ስፍራውን የሚሰጠውም ሠሪው አይደለም፤ ሹሙ ነው። ስለዚህ ነገሩ የመሐንዲስ ብቻ ነው ብሎ መተው አይገባም።

በዚህ ጽሕፈት የተጠቀሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

የመስተዋት ቤት አሠራር

የፀሐይ ብርሃን በመስተዋቱ ዐልፎ ይገባና ዐፈሩን፥ ቅጠሉንና ግንቡን ያሞቃል። ከነዚህ የሚወጣው ሙቀት ደግሞ በውስጥ ያለውን አየር ያሞቀዋል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሊነሣ ቢፈልግ መስተዋቱ ስለሚከለክለው ተበትኖ አይጠፋም። በዚህ ምክንያት በቤቱ ውስጥ ከውጭው የበለጠ ሙቀት ይገኛል። ይህ ነገር በብርድ አገር ትልቅ ጥቅም ነው፤ በኛ አገር ግን በቀትር ጊዜ ጥቅሙ ወደ ጕዳት ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህም ከዚህ በታች እንናገራለን።

በዝዋይና በሆለታ ጽጌረዳ የሚያለሙት ሰዎች ቤታቸውን በመስተዋት ፈንታ በላስቲክ ሸፍነው በረድፍ ይሠራሉ። የነርሱ ቤት ለገበያ የሚሆን ነውና ለዐይን ባያምር አይነቀፍበትም። ለጎብኚ የሚሠራው ቤት ግን ኹለት ግዳጅ አለበት፤ አንደኛው በውስጡ ያለውን አትክልት ማኖር ነው፤ ኹለተኛው በውጭ ያለውን አገር አለማበላሸት ነው። እንግዳው የሚመጣው ተራራውንና ዛፉን ለማየት ጭምር ነውና፥ ቤቱ ተራራውን ከሸፈነበት የመጣበትን ነገር ወሰደበት ማለት ነው።

መልካም ምሳሌ፤ የዌልስ ታላቅ የመስተዋት ቤት

በዌልስ አገር ካርማርዘንሺር በሚባለው አውራጃ ብሔራዊ የአትክልት ስፍራ አለ። በዚያም በ2000 ዓመት ለሕዝብ የተከፈተ ታላቅ የመስተዋት ቤት ይገኛል፤ ንድፉን ያወጣው የኖርማን ፎስተር መሥሪያ ቤት ነው። ርዝመቱ 110 ሜትር፥ ስፋቱ 60 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጣሪያው 785 መስተዋት ያለበት ሲሆን፥ በመካከሉ ምንም ዓምድ አልቆመበትም። ይህን የሚያህል ሕንፃ ከሩቅ የሚመለከት ሰው ግን ከአካባቢው ጉብታዎች አንዱ የሚያበራ ይመስለዋል እንጂ ቤት የተሠራ አይመስለውም።

ይህ የሆነበት ምክንያት ሦስት ነው። መጀመሪያ፥ የጣሪያው ቅርጽ እንደ ዕንቁላል ሞላላ፥ ዝቅ ያለና ልዝብ ነው፤ አካባቢውም ባለ ልዝብ ኮረብታ አገር ስለ ሆነ ቅርጹ ከዚያው ከአገሩ የተወሰደ ነው። ኹለተኛ፥ ጣሪያውን የተሸከመው የሲሚንቶ መሠረት በሰሜን በኩል ዐፈር ተቈልሎበት ሣር ለብሷል፤ ሦስቱም መግቢያዎች በኮረብታው ጐን የተፈለፈሉ ይመስላሉ። ሦስተኛ፥ ቡና የሚጠጣበት ክፍል፥ የማስተማሪያው ክፍልና የመሣሪያው ስፍራ ሁሉ በዚያው በዐፈሩ ሥር ስለ ገቡ፥ በውጭ ተበታትነው የሚታዩ ጎጆዎች የሉም።

እዚህ ላይ ሹማምንት እንዲያስተውሉልን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። የተቈለለው ዐፈር ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ከሰሜን የሚመጣውን ብርድ ነፋስ ይከለክላል። ጣሪያውም ወደ ደቡብ ጥቂት ያዘነበለው ለመልክ ሳይሆን በዚያ አገር ፀሐይ ከደቡብ ስለምትታይ ነው። ከጣሪያው የሚወርደው የዝናብ ውሃም ተሰብስቦ አትክልቱን ያጠጣል። እንግዲህ በዚያ ቤት መስማማት ማለት መሸፈን አይደለም፤ አገሩ የሚያዝዘውን መከተል ነው። የአገሩን ነፋስና ፀሐይ የታዘዘ ቤት መልኩም ከአገሩ ጋራ ይስማማል።

ይህ ጥበብ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የተፈለፈሉት ወደ ታች ነው፤ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የሚሄድ ሰው ጕድጓዱ አፋፍ እስኪደርስ ድረስ ምንም ሕንፃ አያይም፤ ከደረሰ በኋላ ግን በመስቀል ቅርጽ የተጠረበው ጣሪያ በእግሩ ትይዩ ይገለጥለታል። የኮንሶ ሕዝብም እርከኑን የካበው የተራራውን ወገብ ተከትሎ ነው እንጂ ተራራውን ቈርጦ አይደለም። አባቶቻችን ያወቁትን ነገር ከባዕድ አገር ሥዕል ጋራ ሲመጣልን እንደ ዐዲስ አንቍጠረው።

የማስጠንቀቂያ ምሳሌ፤ የቻትስወርዝ ቤት

በእንግሊዝ አገር ዳርቢሺር በሚባለው አውራጃ፥ በቻትስወርዝ፥ የዴቮንሺር መስፍን አትክልተኛ የነበረው ጆሴፍ ፓክስተን ከ1836 እስከ 1840 ዓመት ድረስ ታላቅ የመስተዋት ቤት አሠራ። ርዝመቱ 84 ሜትር፥ ስፋቱ 37 ሜትር ያህል ነበር። በመካከሉ ሠረገላ የሚያልፍበት መንገድ ነበረበት፤ በ1843 ዓመት ንግሥት ቪክቶርያ በዚያ መንገድ ዐልፋ ጎብኝታዋለች።

ፓክስተን የቤቱ ገጽታ እንዳይበላሽ እጅግ ተጠነቀቀ። ቤቱን የሚያሞቁት ስምንት የውሃ ማፍያዎች ከመሬት በታች ተቀመጡ፤ የድንጋይ ከሰሉም በምድር ውስጥ በተቈፈረ መንገድ በሐዲድ ይመጣ ነበር። ጎብኚው የሚያየው ዘንባባውንና አበባውን ብቻ ነበር።

ይሁን እንጂ እሳቱ ከዐይን ቢሰወርም ወጪው ከመዝገብ አልተሰወረም። ከ1914 እስከ 1918 ዓመት በነበረው ታላቅ ጦርነት ጊዜ ከሰልም አትክልተኛም ሲጠፋ፥ ሙቀት የተከለከሉት ተክሎች ደረቁ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ቤቱን መልሶ ማቋቋሙ ስላልተቻለ በ1920 ዓመት በድማሚት ፈረሰ። ሰማንያ ዓመት የቆመ የአገር መደነቂያ እንዲህ ሆኖ ዐለፈ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የመስተዋት ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ የሚበላ ነገር ነው። ስለዚህ ሹሙ ቤቱ በስንት ብር ይሠራል ብሎ ከመጠየቁ በፊት፥ ከተሠራ በኋላ በየዓመቱ ስንት ይፈጃል፤ ያንንስ ማን ይከፍላል ብሎ ይጠይቅ። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላልና።

የተጐዳ መሬትን ስለ መጠቀም

ሦስተኛው ምሳሌ በእንግሊዝ አገር በኮርንዋል ያለው ኤደን ፕሮጄክት የሚባለው ነው፤ ለሕዝብ የተከፈተው በ2001 ዓመት ነው። ስፍራው ቀድሞ ለሸክላ ዕቃ የሚሆን ነጭ ጭቃ ሲወጣበት የኖረ፥ ኋላም ጭቃው ስላለቀ የተተወ ወደ 60 ሜትር የሚጠልቅ ትልቅ ጕድጓድ ነበር። ንድፉን ያወጣው የኒኮላስ ግሪምሾ መሥሪያ ቤት ቤቶቹን በጕድጓዱ ግድግዳ ላይ አስደገፋቸው። ከነርሱ የሚበልጠው ከፍታው 50 ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን በጕድጓዱ ውስጥ ስለ ተቀመጠ በውጭ ካለው ሜዳ በላይ ተኮፍሶ አገሩን አያስጨንቅም። ጣሪያውም መስተዋት ሳይሆን በአየር የተነፋ ግልጽ ላስቲክ ነው፤ ክብደቱ የዚያን ያህል ስፋት ያለው መስተዋት ከሚመዝነው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ስለዚህ የሚሸከመው ብረት ቀለል ያለ ሆነ።

ሥራው ሲጀመር ግን ብርቱ ዝናብ ወርዶ ጕድጓዱን በውሃ ስለ ሞላው ከመሬት በታች የውሃ ማስወገጃ መሥራት ግድ ሆነ። በስፍራው ለተክል የሚሆን ዐፈር ስላልነበረም፥ ከማዕድኑ ትራፊና ከብስባሽ ተቀላቅሎ ከ80 ሺህ ቶን በላይ ዐፈር ተዘጋጀ። ጕድጓድ ለገጽታ መልካም ስፍራ ነው፤ ነገር ግን ውሃው የሚወጣበት መንገድ አስቀድሞ ካልታሰበ ኵሬ ይሆናል።

በኛም አገር በየከተማው ዳር የድንጋይና የገረጋንቲ ማውጫ የነበሩ፥ ኋላም የተተዉ ጕድጓዶች ይታያሉ። እንዲህ ያለውን ስፍራ ለዚህ ሥራ መስጠት ኹለት መልካም ነገር ያመጣል። የቈሰለው መሬት ይሽራል፤ ከገበሬም አንድ ጥማድ የእርሻ መሬት አይወሰድም። ለእንግዳ መዝናኛ ተብሎ ጤፍ የሚበቅልበትን ማሳ ማጠር፥ ቤቱ ምንም ያህል ቢያምር፥ ከአገሩ ጋራ የተስማማ ሥራ ሊባል አይችልም። አገር ማለት ኮረብታውና ዛፉ ብቻ አይደለምና፤ በላዩ የሚኖረውም ሰው ነው።

ከባዕድ አገር የማይቀዳ ነገር

ይህን ጽሕፈት የምጽፈው እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ አንድ ደጋ ወረዳ በሄድሁ ጊዜ በመንገዱ በላይ በጉብታ ጫፍ የተሠራ የመስተዋት ቤት አይቻለሁ። ንድፉ ከውጭ አገር መጽሐፍ የተቀዳ ነበር። የጠዋት ፀሐይ ሲመታው እስከ ገበያው ድረስ ዐይን ይወጋ ነበር። መስኮቶቹ ጥቂቶች ስለ ነበሩ ተክሉ በቀትር ተቃጠለ፤ በኹለተኛው ክረምት በረዶ ወርዶ ጣሪያውን ሰባበረው። እኔ ባየሁት ጊዜ ዘበኛው ጭድ ያስቀምጥበት ነበር። ዘበኛውን፥ ይህ መሬት ቀድሞ የማን ነበር? ብዬ ብጠይቀው፥ ጌታዬ፥ የአባቴ የገብስ ማሳ ነበር ብሎ መለሰልኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዚያ ስፍራ የተሳሳተው ነገር ከሁሉ በፊት የፀሐይ ነገር ነው። ዌልስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 52 ዲግሪ ያህል ይርቃል፤ በታኅሣሥ ወር በቀትር ፀሐይ ከአድማስ በላይ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ የሚርቀው 9 ዲግሪ ያህል ነው፤ በዚያው ወር በቀትር ፀሐይ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች፤ በሰኔ ደግሞ ከራሳችን ዐልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ በዚያ አገር ብርሃንን ለመለመን የተሠራውን ሰፊ መስተዋት እኛ እንደዚያው ብንቀዳው፥ ያልለመንነው ሙቀት ይገባብናል። የኛ ደጋ ችግር ኹለት ነው፤ ቀን ሙቀት መብዛቱ፥ ሌሊት ብርድ መጽናቱ።

ለሹማምንት የሚጠቅም ደንብ

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚከተለውን ደንብ አውጥተናል።

1ኛ፤ ስፍራው የጉብታ ጫፍ አይሁን፤ የሸለቆም መጨረሻ አይሁን። በጫፍ ላይ ያለ ቤት ከሰማዩ ጋራ ተገናኝቶ ከሩቅ ይታያል፤ ነፋስም ይመታዋል። በሸለቆ ግርጌ ያለው ደግሞ ብርድ አየር ከባድ ሆኖ በሌሊት ወደ ታች ስለሚፈስስ ውርጭ ይተኛበታል። የሚሻለው የተዳፋቱ ወገብ ነው፤ ከኋላው ኮረብታ ወይም ዛፍ ያለበት።

2ኛ፤ ዐፈሩ ይመርመር። መረሬ የሚባለው ጥቁር ዐፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ ቤት መሠረቱ ይናወጣል፤ መሠረቱ ሲናወጥ መስተዋቱ ይሰበራል። ዐለት ወይም ቀይ ጠንካራ መሬት ካልተገኘ፥ መረሬው ተቈፍሮ እስኪወጣ ድረስ መሠረት አይጣል።

3ኛ፤ በኋላው በኩል ያለው ግድግዳ ከዚያው ከአገሩ ድንጋይ ይገንባ፤ ከውጭም ዐፈር ተደግፎ ሣር ይልበስ። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ በቀስ ስለሚመልሰው ያለ እሳት ብርዱን ያለዝባል። ዐፈሩ በሚደገፍበት በኩል ግን ውሃ እንዳይሰርግ ከግንቡ ኋላ በጠጠር የተሞላ ቦይ ይደረግለት።

4ኛ፤ የሚከፈቱት መስኮቶች በጠቅላላው ከወለሉ ስፋት ከአምስት አንድ እጅ አይነሱ። እኩሌታዎቹ ከታች፥ እኩሌታዎቹ በጣሪያው አናት ይሁኑ፤ የሞቀው አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል። በበጋ መስተዋቱን ስስ ኖራ መቀባት ወይም በውስጡ ሰሌን መዘርጋት ትርፉን ብርሃን ይከለክላል፤ ኖራው የመስተዋቱንም ብልጭታ ያጠፋል።

5ኛ፤ ጣሪያው ጎብኚ ከሥሩ የሚቆምበት ስለ ሆነ፥ መስተዋቱ ቢሰበር ፍንጣሪው የማይረግፍ፥ በመካከሉ ላስቲክ ያለበት ድርብ መስተዋት ይሁን። ይህ ካልተቻለ ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ይሻላል። ተዳፋቱም በረዶው እንዳይከማችበት የቆመ ይሁን።

6ኛ፤ የዝናቡ ውሃ በከንቱ አይፍሰስ። በአንድ ሜትር ካሬ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ ዝናቡ በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር በሚደርስበት አገር 200 ሜትር ካሬ ጣሪያ 200 ሺህ ሊትር ያህል ይቀበላል። ይህ ውሃ አብዛኛው በክረምት ብቻ ስለሚወርድ በዐፈር ሥር ማጠራቀሚያ ይሠራለት፤ ያን ጊዜ ቤቱ ከመንደሩ ምንጭ ላይ አይሻማም።

7ኛ፤ በዙሪያው የሚተከለው የአገር ዛፍ ይሁን፤ ጽድ፥ ወይራ፥ ኮሶ፥ ቀጋ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ቢያድግም የአካባቢውን ውሃ ስለሚጠጣ በአጠገቡ አይተከል። መንገዱ ተዳፋቱን ተከትሎ ይዙር፤ የመኪና ማቆሚያውም ከዛፍ ኋላ ይሁን፤ እንግዳው በእግሩ ጥቂት ሄዶ ቤቱን በድንገት ቢያገኘው ደስታው ይበዛል።

8ኛ፤ በውስጡ የሚታየው ነገር ትምህርት ይኑረው። በዌልስ ቤት ውስጥ ያለው ተክል ከሜዲቴራንያን ዳርቻና የአየር ጠባያቸው ያንኑ ከሚመስል ከካሊፎርንያ፥ ከቺሊ፥ ከደቡብ አፍሪካ፥ ከአውስትራልያና ከካናሪ ደሴቶች የተሰበሰበ ነው፤ ጎብኚው ሩቅ አገሮች እንዴት አንድ ጠባይ እንዳላቸው ተምሮ ይወጣል። በኛም ደጋ የሚኖር ሕፃን የቡና አበባ፥ የኮረሪማ ፍሬ፥ የዕጣን ዛፍ አይቶ የማያውቅ ብዙ ነው። በየቤቱ በየቀኑ የሚሸተውን ዕጣን የሚሰጠውን ዛፍ ቆላ ሳይወርድ ቢያሳዩት፥ ከባዕድ አገር ከመጣ አበባ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ከመፈረም በፊት የሚደረግ ፈተና

ይህ ሁሉ ከታሰበ በኋላ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ፈተና አለ። ቤቱ በሚቆምበት ስፍራ በአራቱ ማዕዘንና በመካከሉ፥ ጣሪያው በሚደርስበት ልክ ረዣዥም እንጨቶች ይተከሉ፤ በጫፋቸውም ነጭ ጨርቅ ይታሰር። ከዚያ ሹሙ ራሱ ከመንገዱ፥ ከገበያው፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ ደጅ ቆሞ ይመልከት። ጨርቁ ከኮረብታው በላይ በሰማይ ላይ ከታየ ቤቱ ይዝቀቅ ወይም ስፍራው ይለወጥ። እንጨቶቹም አንድ ክረምት ሙሉ ይቁሙ፤ ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ ያን ጊዜ ይታያል።

በዚሁ ጊዜ የአገር ሽማግሌዎችና መሬቱን የሚያርሱት፥ ከብትም የሚያሰማሩበት ሰዎች ይጠየቁ። ውርጭ የሚመታውን ስፍራ፥ ምንጩ የሚደርቅበትን ወር፥ በረዶ የሚበዛበትን አቅጣጫ ከነርሱ ይልቅ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም። ነገር ግን ሥራው ከተጀመረ በኋላ መጠየቅ ለማክበር እንጂ ለማወቅ አይሆንም።

እንዲህ ተጠንቅቆ የተሰጠ መሬት ላይ የሚቆመው ቤት ትንሽ ቢሆንም አያሳፍርም። እንግዳው ወጥቶ ሲሄድ ኮረብታው እንደ ነበረ ኮረብታ ሆኖ ይቀርለታል፤ የአካባቢው ሰውም ይህ ቤት መሬታችንን ወሰደብን አይልም፤ የኛ ነው ይላል። መስተዋት የሚሰበርና የሚተካ ነገር ነው፤ ከገበሬ የተወሰደ ማሳና የተቈረጠ ኮረብታ ግን እንደ መስተዋት አይተካም። ስለዚህ ሥዕሉን ይዞ ለመጣው ሰው የሹሙ የመጀመሪያ መልስ፥ ተነሥ፥ ስፍራውን በእግራችን ሄደን እንየው የሚል ይሁን።